ቁልቁለቱን ሳንጀምር

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የጥናት ሰዓት ተጨዋውተን ነበር። የዛሬው ርዕሳችን ደግሞ ከቤት አውጥቶ መንገድ ላይ ይወስደናል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የአንድ የሥራ ባልደረባችን እናት አርፈው ለቀሶ ለመድረስ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ተጓዝን። የተገኘው መኪና ባለ ሁለት ጋቢና ፒክ አፕ ነበር። አምስት ሆነን ጋቢና ውስጥ ገባን። ከኋላ ሦስት ኩንታል እህል፣ ድንኳንና ድስት ተጫነ፤ በዚያ ላይ ስድስት ወጣቶች ወጡበት። ሹፌሩ «ፒክ አፕ አይደል? ይችላል!» አለ። እኛም ዝም አልን።

ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትተን ቁልቁል ስንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ብዙም ሳንሄድ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ፣ በስተመጨረሻ መኪናውን ከተራራው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ አቆመው። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። ከፊት ጎማዎቹ ግን ጭስ ይወጣ ነበር።

አንዱ ወጣት ውሃ ሊያፈስበት ጄሪካን ይዞ ሲሮጥ፣ እኛን አይተው የቆሙ አንድ አዛውንት የከባድ መኪና ሹፌር «ተው ልጄ! የጋለ ብረት በውሃ ይሰነጠቃል፤ በራሱ ይብረድ» ብለው መለሱት። ከዚያም ወደ ሹፌራችን ዞረው «በስንተኛ ማርሽ ነው የወረድከው?» አሉት።

«በአራተኛ፣ አባባ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ይህን ዳገት ጭነት ይዘህ በአራተኛ ትወጣዋለህ?»

መልስ አልነበረውም።

የአዛውንቱ ጥያቄ ትልቅ ትምህርት አለው። የጣርማ በር ከፍታ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ያ ሁሉ ክብደት ከዚያ ከፍታ ሲወርድ ፍጥነቱን የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ከሆነ፣ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ሸራውንና ብረቱን ያግላል። የጋለ ሸራ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ልክ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። የእኛም ፔዳል የሰመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ስንጠይቅ ሹፌሩ አላስታወሰም። ብዙ ባለሙያዎች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ።

ስለሆነም መፍትሔው ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ፣ ፍሬኑንም ያለማቋረጥ ከመርገጥ ይልቅ ረገጥ ለቀቅ ማድረግ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ነፍስን በሳንቲም መሸጥ ነው።

የጎማም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በ2000 እ.ኤ.አ. ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከገበያና ከመንገድ ሰብስቧል። ጎማዎቹ በተለይ ኤክስፕሎረር በተባለው የፎርድ መኪና ላይ፣ በአንዳንድ ፒክ አፖችም ላይ የተገጠሙ ነበሩ። በጉዞ ላይ የላይኛው ንጣፋቸው እየተላቀቀ መኪና ሲገለበጥ ከ270 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የአሠራር ጉድለት እንዳለ ሆኖ፣ ሙቀት፣ የነፋስ ማነስና የጭነት ብዛት አደጋውን እንደሚያባብሱ ያን ጊዜ በሰፊው ተነግሯል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ይግላል፤ ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ጉድለት የሌለበት ጎማም ቢሆን ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም።

እንዲህ ያሉ ፒክ አፖች ሰውን ጨምሮ የሚሸከሙት ብዙውን ጊዜ አንድ ቶን ገደማ ነው። የእኛን ስንደምረው ከዚያ አልፎ ነበር። ተገቢው የነፋስ መጠን በአብዛኛው በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚለካውም ጠዋት ጎማው ሳይግል ነው። በጎማው ጎን ካሉት ጽሑፎች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ገና ያልተበላ ቢመስልም ያረጀ ጎማ አይታመንም።

ውድ አንባቢያን! ለሠርግም ለለቀሶም ልጆቻችንን የምንጭነው በእነዚህ መኪኖች ላይ ነው። ሹፌሩን «ጎማው ደህና ነው? ፍሬኑ ታይቷል?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠርብናል ብለን እናፍራለን። በዚያች ዕለት ጥፋቱ የሹፌሩ ብቻ አልነበረም፤ አይተን ዝም ያልነው የእኛም ነበር። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው እንጂ ሰበቡን ጥሎ መጓዝ አይደለም።

ስንመለስ ወጣቶቹን በአውቶቡስ ላክናቸው። ሁለት ሰዓት ዘግይተው ደረሱ፤ ሁሉም ግን እናታቸው ቤት ገቡ።