ሕጉ ጠመንጃውን ሁሉ ይቁጠር!

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ በ2012 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ሕጉ መውጣቱን እንደግፋለን። ክላሽ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በሚቸበቸብበት፣ ሽጉጥ በጭነት መኪና ተደብቆ ድንበር በሚሻገርበት አገር ቀድሞ የሚጎዳው ባዶ እጁን የሚኖረው ሰው ነው። መስጂድም ሆነ ቤተ ክርስቲያን በጥይት ድምፅ መካከል የሰላም ቦታ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ሕጉ ፍትሐዊ እንዲሆን ልንናገር ይገባል።

ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 51 የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግስት ሰጥቷል። በአንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አደራጅተው የክልላቸውን ሰላም ያስጠብቃሉ። ስለዚህ አዋጁ አዲስ አበባ ላይ ቢጸድቅም ሕዝቡ ደጃፍ ላይ የሚያገኘው የክልሉን ፖሊስ፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ነው። እኛም የምንሰጋው እዚያ ላይ ነው። የቀበሌው ሹም ለወዳጁ ፈቃድ እየሰጠ የጎረቤቱን የሚነጥቅ ከሆነ፣ ሕጉ ቁጥጥር መሆኑ ቀርቶ አንዱን ወገን ማስታጠቂያ ይሆናል።

የአፋርና የኢሳ አርብቶ አደሮችን እንመልከት። በመካከላቸው ያለው የክልል ወሰን ነው፤ ግመሉና ግጦሹ ግን ወሰን አያውቁም። አንዱ ክልል መሣሪያ ሰብስቦ ሌላው ዝም ቢል፣ ያስረከበው ሰው ከብቱንም ሕይወቱንም ለአደጋ አጋለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ምዝገባው በአዋሳኝ ወረዳዎች በአንድ ጊዜና በአንድ መስፈርት ይካሄድ፤ ያስረከበ ሁሉ ደረሰኝ ይሰጠው፤ ጥበቃውንም መንግስት ይረከብ።

ሁለተኛው ጥያቄያችን የመንግስትን ጠመንጃ ይመለከታል። ሰኔ 15 ቀን 2011 በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ባለሥልጣናትና ጄኔራሎች የተገደሉት ከአርሶ አደር ጎጆ በወጣ ምንሽር አልነበረም። በአሳሳ፣ በገርባና በኮፈሌ ወገኖቻችን ሲወድቁም ጥይቱ የተተኮሰው ፈቃድ ካለው መሣሪያ ነው። የሚሊሻውና የፖሊሱ መሣሪያ በማን እጅ እንዳለና በማን ትዕዛዝ እንደተተኮሰ የማይመዘግብ ቁጥጥር ግማሽ ቁጥጥር ነው። ጥይት የጎደለበት ሁሉ ይጠየቅ፤ ዩኒፎርም ለባሹም ጭምር።

ሦስተኛ፣ ፍተሻ ለበቀል አይዋል። አንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው መኖሪያ ቤት ክብር ይጠብቃል። ሌሊት በር ገንጥሎ፣ ቁርኣንና ኪታብ በትኖ «መሣሪያ ፍለጋ ነው» ማለት ከእንግዲህ ሊቆም ይገባል። ፈታሹ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይያዝ፤ ፍተሻው በአካባቢው ሽማግሌዎች ፊት ይሁን፤ የተገኘው ነገር ሁሉ ተዘርዝሮ ይፈረምበት።

ለራሳችንም የምንለው አለ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ለቀስት ጫፍ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ በሠርግ ላይ ክላሽ ወደ ሰማይ መተኮስ ምን ሊባል ነው? መሣሪያ ያላችሁ ወንድሞች፣ አትደብቁ፤ አስመዝግቡ፤ ደረሰኛችሁንም በጥንቃቄ ያዙ።

የመብት ጥያቄያችንን ለዓመታት ያሰማነው ያለ ጠመንጃ ነው። ስለዚህ የጠመንጃ ሕግ አያስፈራንም፤ የሚያስፈራን አንዱን አይቶ ሌላውን የሚያልፍ ሕግ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽሙ ሁሉ ይህን ያስቡበት።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን!