የተቃጠለ ታንክን በትንሽ ምሳሌ ስለ መሥራት

አንድ አንባቢያችን የላኩልን ደብዳቤ በጠረጴዛችን ላይ ከዋለ ሁለት ሳምንት ሆነው። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው፥ በውጭ አገር የሚኖረው አጎቱ የላከለትን የፕላስቲክ ታንክ ገጣጥሞ ከጨረሰ በኋላ፥ በጦርነት የተሰበረ ይምሰል ሲል በመዶሻ መታው፤ ቀጥሎም በሻማ አቃጠለው። ታንኩም የቀለጠ ሳሙና መሰለ እንጂ የተሰበረ ታንክ አልመሰለም። አባትየው የሚጠይቁን ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛው፥ ይህ ሥራ በሚገባ የሚሠራበት መንገድ ምን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛውም፥ እናቲቱ «ሰው የሞተበትን ዕቃ ምሳሌ በቤቴ መደርደሪያ ላይ አላኖርም» ስላሉ፥ በዚህ ነገር የእኛ አሳብ ምን እንደ ሆነ ነው። እኛም ቀን የፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ውለን ማታ ወረንጦና ሙጫ ይዘን የምንቀመጥ ስለ ሆንን ጥያቄው ደስ አሰኝቶናል፤ መልሱ ግን አጭር አይሆንም።

ልጁ ታንኩን ሰበረው እንጂ የተሰበረ ታንክ አልሠራም። መዶሻ ፕላስቲክን የሚሰብረው እንደ ፕላስቲክ ነው፤ ብረት ግን ይጎብጣል፥ ይቀደዳል፥ ይበሳል፥ ይዝጋል። ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ ታንኩን በአእምሮው ሊመረምረው ይገባል፤ ማን መታህ? በምን መታህ? በየት በኩል መጣብህ? ከተመታህስ ስንት ቀን ሆነህ? በችሎት የቆመ ምስክር እነዚህን ሳይመልስ «ብቻ ተመትቶ አየሁት» ቢል ቃሉ እንደማይጸና ሁሉ፥ ምክንያቱ ያልታወቀ ጠባሳም በምሳሌው ላይ ሲታይ ዐይን አያምነውም።

ነገሩ በባዶ እንዳይሆን አንድ ታንክ እንምረጥ። በእኛ አሳብ ለኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ከሁሉ የሚቀርበው፥ ኢጣልያኖች በ1928 ዓመተ ምሕረት ወደ አገራችን ይዘውት የገቡት ሲ ቪ 33 የተባለው ትንሹ ታንክ ነው። ክብደቱ ከ3 ቶን ጥቂት የሚበልጥ፥ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፥ አንዱ ነጂ ሌላው መትረየስ ተኳሽ የሚሆኑበት ነበር። እንደ ሌሎች ታንኮች የሚዞር ማማ አልነበረውም፤ መትረየሱ ከፊት ተተክሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ጥቂት ብቻ ይዘዋወራል። ከጎኑና ከኋላው የመጣበትን ሰው ለመምታት ታንኩ ራሱ መዞር ነበረበት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት፥ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ዓመት፥ ከጎጃም የመጣው የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ፥ በሻለቃ ክሪኒቲ የሚመራውን የጠላት ክፍል በሽሬ በኩል በደንበጉና በር ላይ ሲገጥመው፥ ይህ የታንኩ ጉድለት ታወቀ። በጠባቡ በር ታንኮቹ እንደ ልብ ሊዞሩ ስላልቻሉ፥ አርበኞቹ በጎንና በኋላ ተጠግተው ያዟቸው፤ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ።

እንግዲህ ከዚያ ከቀሩት አንዱን እንሠራለን እንበል። የተለመደው የምሳሌ ልክ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው። የልኩ አመጣጥ ያስቃል፤ የጃፓኑ የታሚያ ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሲያወጣ፥ ሞተሩና ባትሪዎቹ በሆዱ እንዲገቡለት ብሎ የመረጠው መጠን ነው፤ ዓለምም ተከተለው። በዚህ ልክ የእኛ ታንክ ርዝመቱ 9 ሴንቲሜትር፥ ስፋቱ 4 ሴንቲሜትር፥ ቁመቱ ከ4 ሴንቲሜትር ጥቂት የሚያንስ ይሆናል። ከክብሪት ሳጥን ብዙ አይበልጥም። ቅርጹም ማዕዘን ማዕዘን ያለው ሳጥን ስለ ሆነ፥ ፕላስቲኩን ከውጭ የሚልክለት አጎት የሌለው ልጅ ከጠንካራ ካርቶን ቆርጦ ሊሠራው ይችላል። ካርቶኑ ቀለም እንዳይመጥ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባ፤ ሲደርቅም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ሰንሰለቱ ነው፤ ከቀጭን ካርቶን ላይ ትንንሽ ቁራጮችን በተርታ መለጠፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልጁ የሚሰለችበት ቦታም ይህ ስለ ሆነ አባት አጠገቡ ቢቀመጥ መልካም ነው።

አሁን ወደ ጠባሳው እንምጣ። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት በልክ ላይ የሚደረግ ስሕተት ነው። የጠመንጃ ጥይት 8 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ለ35 ቢካፈል የአንድ ሚሊሜትር ሩብ እንኳ አይሞላም። ሠሪው ግን ሚስማር አግሎ ይበሳና አንድ ሚሊሜትር ቀዳዳ ያወጣል። ይህ በታንኩ ልክ ሲመለስ 35 ሚሊሜትር ነውና፥ ጠመንጃ የነበረው መድፍ ሆኖ ተመሰከረ ማለት ነው። የጥይት ምልክት በመርፌ ጫፍ ይነካ እንጂ አይበሳ። የብረቱም ውፍረት እንደዚሁ ነው። የታንኩ ብረት ከፊት 14 ሚሊሜትር ያህል፥ ከጎንና ከኋላ ግን ከዚያ የቀጠነ ነበር፤ በምሳሌው ላይ 14 ሚሊሜትር ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። የፕላስቲኩ ግድግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊሜትር ስለ ሆነ፥ የተከፈተ መዝጊያ ወይም የተቀደደ ቦታ ሲኖር ጠርዙ ከውስጥ በኩል በምላጭ ተፍቆ ካልቀጠነ፥ ትንሹ ታንክ የምሽግ ግንብ ይመስላል።

ሰንሰለቱም ይመሰክራል። ወደ ፊት እየሄደ ሳለ ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ታንክ መንኰራኩሮቹ ከላዩ እየወረዱ ይሄዳሉና፥ ሰንሰለቱን ከኋላው ዘርግቶት ይቀራል። ከፊቱ የተዘረጋ እንደ ሆነ ግን ታንኩ ወደ ኋላ እየሸሸ ነበር ማለት ነው። ልጁ ለጌጥ ያኖረው ሰንሰለት ሳያስበው ስለ ነጂው አሳብ ቃል ይሰጣል።

ስለ እሳቱና ስለ ዝገቱ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገራለን፤ የዚህ ሥራ ጣዕም ያለው ከዚህ ላይ ነውና። ታንክ ሲቃጠል ቀለሙ ይነድዳል፥ ቅባቱም ይጠፋል፤ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። በዚያው ቀን ያየው ሰው የሚያገኘው ዝገት አይደለም፤ የሚያገኘው ጥላሸት፥ ነጣ ያለ አመድና ግራጫ ብረት ነው። ጥላሸቱ ከየመዝጊያውና ከየቀዳዳው በላይ ይወጣል እንጂ በሁሉ ቦታ አይረጭም፤ ነፋስ ካለም ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በዚህ ረገድ ብዙ ሠሪዎች ይሳሳታሉ፤ የቀኙን ጥላሸት ወደ ቀኝ፥ የግራውን ወደ ግራ ይስሉታል፤ በአንድ በር ላይ ግን የሚነፍሰው ነፋስ አንድ ነው። ጥቂት ቀን ካደረ ታኅሣሥ በጋ ቢሆንም የሌሊቱ ጤዛ ይበቃዋልና፥ ራቁቱን የቀረው ብረት ብርቱካን የመሰለ ስስ ዝገት ያወጣል። ክረምት ካለፈበት በኋላ ደግሞ ዝገቱ ይጠቁራል፥ ቡና ይመስላል፤ የዝናቡም ውኃ ከላይ ወደ ታች የወረደበት መንገድ ተሥሎ ይታያል። ያልተቃጠለው ወገን ግን ቀለሙን እንደ ያዘ ይቈያል። እንግዲህ ሠሪው ብሩሽ ሳያነሣ አንድ ቀን ይቍረጥ፤ ያ ቀን ወይስ ከዓመት በኋላ? ያንዱን ቀን አመድና የሌላውን ዓመት ዝገት ባንድነት የያዘ ታንክ፥ ቀኑ የተፋለሰ የክስ ማመልከቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ዝገት በሚሆንበት ቦታ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይቀባ። ሲደርቅ በውኃ አርሶ የተወቀጠ ደቃቅ ጨው እዚህም እዚያም መነስነስ ነው። ውኃው ከጠፋ በኋላ የታንኩ ቀለም ከላይ በመርጫ ይረጫል፤ ይህም ሲደርቅ ጨውን በእርጥብ ብሩሽ ቢያራግፉት፥ ቀለሙ እንደ ተላጠ ሆኖ ከሥሩ ዝገቱ ይታያል። መርጫ የሌለው የስፖንጅ ቁራጭ በቀለም ነክሮ፥ በወረቀት ላይ አራግፎ፥ በጠርዝ በጠርዙ በቀስታ ይንካ። ከዚያ ሁሉን በቫርኒሽ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው አኳራጅ ያልተሸፈነውን ፕላስቲክ ሊሰነጥቀው ይችላልና። የዘይት ቀለም በአኳራጅ እጅግ ቀጥኖ በብሩሽ ጫፍ ሲነካ በየመጋጠሚያው ራሱ ይሮጣል፤ የዝናቡም መንገድ የሚሠራው በዚሁ ነው። ይህ ሥራ መስኮት ተከፍቶ፥ ከከሰል ምድጃና ከሻማ ርቆ ይሠራ፤ አኳራጅ እሳት ይጠራል፤ ሽታውም ለሕፃናት አይበጅም። ጥላሸቱ ከተፈጨ ከሰል፥ አመዱ ከምድጃ አመድ፥ አቧራው ከተፈጨ ጠመኔና ከአፈር ይገኛል። አፈሩ በቀጭን ሻሽ ሦስት ጊዜ ይነፋ፤ አንድ ሚሊሜትር የሆነች ቅንጣት በዚህ ልክ የዶሮ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ናት።

ስለ ታንኩ ቀለም የተነሣ ክርክር የሚወዱ ሰዎች አሉ። እኛ የምንለው፥ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ስለ ቅርጽና ስለ ጥላ ይመሰክራል፥ ስለ ቀለም ግን አይመሰክርም፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ወንድማማች አይጣላ።

ከዚህ በኋላ የቀረው መዝጊያው ነው። በታንኩ ራስ ላይ ሁለት መዝጊያ ነበረ፤ ልጁ ሙጫ ከመቀባቱ በፊት ይከፈት ወይስ ይዘጋ ብሎ መወሰን አለበት። የተከፈተ እንደ ሆነ ሰዎቹ ወጥተዋል ወይም አውጥተዋቸዋል፤ የተዘጋ እንደ ሆነ ግን ከውስጥ ናቸው። ምክንያት ፈልጉ ብለን የጀመርነው ነገር ወደዚህ ያደርሳል። በዚህ ጊዜ ልጁ መዝጊያውን በወረንጦ ይዞ ዝም ቢል አባትየው አያቻኵሉት።

ስለዚህ የእናቲቱን ቃል እንደ ተራ ነገር አድርገን አንጥለውም። ነገሩ የመደሰቻ አሻንጉሊት ከሆነ እሳቸው እውነት አላቸው። በውጭ አገር ደም የሚመስል ቀለም በብልቃጥ ተደርጎ ለዚህ ሥራ ይሸጣል፤ እኛ በቤታችን አንፈቅደውም፤ የሞተ ሰው ምስል አጠገቡ ማስተኛትንም አንወድም። ከዚያም በላይ የምናስበው አለ። ታንኩ ብረት ስለ ሆነ ቀረ፥ ፎቶግራፍም ተነሣ፥ ምሳሌም ሆነ። ወደ እሱ ሲሮጡ በመትረየሱ ፊት የወደቁት ግን ብረት አልነበሩምና በሳጥን ተደርገው የሚሸጡ አይደሉም። በሻለቃው በኩል ተሰልፈው ከወደቁትም ብዙዎቹ የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ደግሞም ከደንበጉና በኋላ ብዙ ቀን ሳያልፍ፥ በዚያው በታኅሣሥ ወር፥ ጠላት በተከዜ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ጣለ። ይህን ሁሉ የማያውቅ ልጅ የተሰበረውን ታንክ አይቶ ጦርነት እንዲህ ቀላል ድል ነው ብሎ ቢያድግ፥ እናቱ የፈሩት ደረሰ ማለት ነው። ነገር ግን ምሳሌው በቤት ባይኖር ይህን ነገር ለልጁ ማን፥ መቼ ያነሣለት ነበር? የእኛ አሳብ እንግዲህ ይኑር ነው፤ ሆኖም የሠርግ ፎቶግራፍና የሻይ ስኒ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ሳይሆን፥ መጻሕፍት ባሉበት ክፍል ይሁን። ስፍራውንም እናቲቱ ይምረጡ።

መቆሚያውን ስለ መሥራት ይህን እንጨምር። በአሜሪካ ሼፐርድ ፔይን የተባለው ሰው (1946–2015) ታንክን ብቻውን ከማቆም ይልቅ መሬቱንም ጭምር አድርጎ ነገር እንዲናገር ማሰናዳትን ለብዙ ሠሪዎች ያስተማረ ነው። በእኛም ሥራ መሬቱ ከታንኩ ያላነሰ ይናገራል። ጣውላው ከታንኩ አራት እጥፍ ይርዘም፤ ታንኩም ከመካከል ሳይሆን ወደ አንዱ ጫፍ ይቁም፤ ከመትረየሱ ፊት ያለው መሬት ሰፊና ባዶ ይተው። አንድ ሰው በዚህ ልክ 5 ሴንቲሜትር ይሆናልና፥ ያ ባዶ መሬት ስንት እርምጃ እንደ ሆነ ልጁ በጣቱ ሊለካው ይችላል። አፈሩ በሙጫ ተለውሶ ገና እርጥብ ሳለ፥ የክብሪት እንጨት ጫፍ በባዶ እግር ቅርጽ ተቀርጾ ዱካ ይታተምበት። የአንዱ እግር ርዝመት 7 ሚሊሜትር ይበቃል። ዱካው ከጎንና ከኋላ ወደ ታንኩ ይምጣ፤ ጥቂቱም ከፊት በኩል ይጀምርና ታንኩ ሳይደርስ ይቁም። ይህ በጥላ ስፍራ ሁለት ቀን ከደረቀ በኋላ ነው ታንኩ በላዩ የሚለጠፈው።