የሻይ መስጠቱ ይቅር፣ ውል እንፈራረም

ገዳም ሰፈር ውስጥ ሁለት ዓይነት ግቢ አለ፤ የሻይ የሚሰጥና የማይሰጥ። የሚሰጠው ቆሻሻው በቀኑ ይነሳለታል። የማይሰጠው ማዳበሪያውን አስሮ ይጠብቃል። ሳምንት ያልፋል፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት፤ ዝንቡ ከማድ ቤት አልፎ ሳሎን ሲገባ ባለቤቱ ሃምሳ ብሩን ጨብጦ በር ላይ ይቆማል። ጎረቤቶቼ ይህን ሲያወሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹን «ሌቦች ናቸው» ብለው ነው የሚጀምሩት። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ስለምውል የግቢያችንን በር የምከፍተው፣ ከሰብሳቢዎቹም ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ። እንደሚመስለኝ ነገሩ ሌብነት አይደለም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው ሌላ በሽታ ነው፤ ፋይል ያልተከፈተለት ጉዳይ።

እስቲ የገንዘቡን መንገድ እንይ። የቆሻሻ ማንሻ የምንከፍለው በየወሩ ከውሃ ቢል ጋር ተደምሮ ነው። ገንዘቡ ወደ ከተማው ይሄዳል፤ ከተማው ደግሞ ለተደራጁት ማህበራት ባስረከቡት ቆሻሻ መጠን ይከፍላል። እንግዲህ እኔ ከፋይ ነኝ፣ ማዳበሪያውን ተሸክማ የምትወጣው ልጅ ተከፋይ ናት፣ በመካከላችን ግን አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም። ብትቀር የምቀንስባት ነገር የለም። በቀኗ ብትመጣም የምጨምርላት የለም። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት መምጣት እንዳለባት እኔም አላውቅ፣ እሷም አልተነገራት። እንዲህ ባለ ቦታ የቀረን መነጋገሪያ የሻይ ብቻ ነው። ለዚያም ነው ሁለታችንም እዚያች ላይ የምንጨቃጨቀው።

በዚያ ላይ በእኛ ግቢ አምስት አባወራ የሚጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። ቢሉ የሚመጣው በአንዱ ስም ስለሆነ ሌሎቹ ራሳቸውን እንደማይከፍሉ ይቆጥራሉ፣ ባለ ቆጣሪው ደግሞ የሁሉንም እንደሚከፍል ይቆጥራል። የሻይ ሲጠየቅ ሁሉም እሱን ያሳያል፣ እሱ ደግሞ «ከፍያለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ከፍሏል። ልጅቷ ጋ ግን አልደረሰም።

ሰፈራችን ያለበት ፒያሳና አካባቢው ሜዳ አይደለም። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ በእሪ በከንቱም በሠራተኛ ሰፈርም ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ መኪና ይቅርና ጋሪ የማይወርድበት ቅያስ ሞልቷል። በክረምት ኮብልስቶኑ ሳሙና የተቀባ ይመስላል። ልጅቷ ሙሉ ማዳበሪያ በጀርባዋ አዝላ ያንን ዳገት ትወጣለች፤ ጋሪው ላይ ጥላ ትመለሳለች። መኪናው በር ላይ ቆሞ የሚጭንበት ኮንዶሚኒየም ያለችው ጓደኛዋ በአንድ ጠዋት የምትሰበስበውን እሷ በሁለት ቀን አትሞላውም። መጠኑ ሲታይ ግን ዳገቱ አይታይም። እንግዲህ ሰው ናትና ቀላሉን ታስቀድማለች፤ ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ምግብ ቤት በየቀኑ ይነሳለታል፣ የቅያሱ መጨረሻ ያሉ አሮጊት ይዘለላሉ። ይህን የሠራው የልጅቷ ክፋት አይደለም፣ የክፍያው ስሌት ነው።

ቀድሞ መዘለል ያን ያህል አያስጨንቅም ነበር። ማታ አንዱ ልጅ ማዳበሪያውን አንጠልጥሎ ወስዶ ገንዳው ውስጥ ይጥለው ነበር። አሁን የሰፈራችን ገንዳ ተነስቷል፤ በበኩሌ በመነሳቱ አላዘንኩም፣ ሽታውን አውቀዋለሁና። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ዋናው መንገድ ሁሉ ከተነጠፈና ከበራ በኋላ ደግሞ ከበር ውጭ ማዳበሪያ ያስቀመጠ ሰው ከደንብ አስከባሪ ጋር ይገናኛል፤ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። ስለዚህ የዘለሉት ግቢ ቆሻሻውን ይዞ ይቀመጣል። ጥገኛ ሆነናል፤ የተዘለለ ሳምንት እንደ ድሮው በልጅ እግር የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ነገር ግን የባለቤቱ ወገን ንጹሕ ነው ብዬ ብጽፍ እግዜርም አይወደው። ባለፈው ፋሲካ ማግስት የሆነውን ልንገራችሁ። ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ግቢ የበጉን ፈርስ በፌስታል፣ ቆዳውን ከላይ ጠቅልሎ፣ ሁሉንም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ከቶ አስቀምጧል። ቆዳ ዋጋ ካጣ ወዲህ በበዓል ማግስት የሚጣለው እንዲሁ ነው። ልጅቷ ስታነሳው ታቹ ተቀደደ። ፈርሱ በጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ከበሩ ውስጥ የመጣው ድምፅ «እንዳትተዪው፣ ጥረጊው» የሚል ነው። ውሃና መጥረጊያ ከእኛ ግቢ ወሰደች፤ ጠረገችውም። ጓንቷን ስታወልቅ በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መካከል ያሉትን ጠባሳዎች አሳየችኝ። «ይሄ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው፣ እትዬ። ይሄኛው የአረቄ ጠርሙስ» አለችኝ። ምሬት አልነበረባትም፤ የዘመድ ፎቶ እንደሚያሳይ ሰው ነበር የምታሳየኝ። የከሰል አመድ ከነፍሙ የሚጥልባትም አለ። የማዳበሪያው ጎን ሲጨስ ነው የምታውቀው።

ሕግ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዝ ነበር። ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በእኛ ሰፈር ይህን የጠየቀን ሰው የለም። መጠየቅም የማይመች ነው፤ የሚከፈላት በመጠን ከሆነ ያልተለየ ማዳበሪያ ይከብዳል፣ የከበደም ይሻላል። በከተማዋ ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ ላይ የተከመረው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያም የሚሻው የሚነድ ነገር ነው። እኛ የምንልክለት የቡና አተላና የሽንኩርት ልጣጭ የበዛበት እርጥብ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያችው በር ላይ የሚቆም ሌላ ሰው አለ፤ ቆራሌው። ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ የተሰበረውን የፕላስቲክ ወንበር እየመዘነ ይገዛል፤ ይከራከራል፣ እኛም እንከራከራለን፣ ከፍሎ ይሄዳል። እቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ሌላ ሕይወት ይጀምራል። ከቆራሌው ጋር የተጣላ ጎረቤት አላውቅም። የሚሰጠውና የሚወስደው በሁለታችን ፊት፣ በግልጽ ቋንቋ ስለሚነገር ነው። ከሰብሳቢዋ ጋር የጎደለን ይኸው ነው።

ሚኒያፖሊስ የምትኖረው የእህቴ ልጅ የምትነግረኝ ደግሞ አለ። እዚያ ቆሻሻ ሳይሆን በረዶ ነው የሰፈሩ ጭቅጭቅ። የግቢዋን መግቢያ የሚጠርግላት ፒካፕ መኪናው አፍንጫ ላይ ትልቅ መጥረጊያ ብረት የገጠመ ሰው ነው። ውሉን የሚፈራረሙት በረዶው ገና ሳይወርድ፣ በጥቅምት ነው። ወረቀቱ ላይ ስንት ኢንች ሲከመር እንደሚመጣ፣ በአንድ ጊዜ ጠረጋ ወይስ በወቅቱ በሙሉ እንደሚከፈለው፣ የጠረገውን የት እንደሚከምረው፣ አጥር ቢመታ ማን እንደሚያሠራ ተጽፏል። እሷም ግዴታ አለባት፤ ሣሩ የሚያልቅበትን ዳር በዘንግ ምልክት ታደርጋለች፣ መኪናዋን ታነሳለች። ያም ሆኖ ይጣላሉ። የከተማው ትልቅ መኪና ዋናውን መንገድ ሲጠርግ በረዶውን መልሶ የተጠረገው መግቢያ አፍ ላይ ይከምረዋል፣ እሷም ለሰውዬው ትደውላለች፣ እሱም «የከተማው ነው እንጂ የእኔ አይደለም» ይላታል። ሲጣሉ ግን የሚያነሱት ወረቀት አላቸው። የእኛ ሰፈር ጠብ የሚያነሳው ስድብ ነው።

እና ምን ይደረግ? ሐሳቤ ትንሽ ነው። ከተማው እንዲያስተካክል የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ለዳገትና ለጠባብ ቅያስ የሚታሰብ ጭማሪ ነው፤ ከዚህ ያለፈውን በሰፈር መጨረስ ይቻላል። እድር አለን። ለለቅሶ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበርና ድስት የሚቆጥር፣ ያልከፈለውን በስሙ የሚጠራ ድርጅት ለአንድ የቆሻሻ ቀን ውል መጻፍ አያቅተውም። እድሩ በአንድ ወገን፣ ማህበሩ በሌላ ወገን ሆነው አንድ ገጽ ይፈራረሙ። ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። ሲቀር ለማን እንደሚደወል ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ከየግቢው አንድ ሰው «ተነስቷል» ወይም «አልተነሳም» ብሎ ይፈርም፣ ቅጂውም ወረዳ ይግባ፤ ለማህበሩ የሚከፈለው ገንዘብ በከፊል እንኳ በዚያ ፊርማ ቢታይ ልጅቷ የቅያሱን መጨረሻ የማትዘልበት ምክንያት ታገኛለች። በባለቤቱ በኩል ደግሞ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለብቻ፣ አመድ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የበዓል ፈርስ በድርብ ማዳበሪያ።

የሻይ ጉዳይ ላይ ጨካኝ ነኝ። በር ላይ መስጠት ይቅር። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ የሰጠ ሰው የጎረቤቱን ተራ እየገዛ ነው። መስጠት የፈለገ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ በእድሩ በኩል ያዋጣ፣ ለሁሉም ሠራተኞች እኩል ይድረስ። የሰጠና ያልሰጠ በር አይለይ።

ይህን ለጎረቤቶቼ ሳነሳ መጀመሪያ የተባልኩት «ሁለት ጊዜ ክፈሉ ነው የምትይን?» የሚል ነው። ሁለት ጊዜማ አሁን እየከፈላችሁ ነው፤ አንዴ በቢል፣ አንዴ በመዳፍ። ሌላው «ለቆሻሻ ደግሞ ውል!» ብሎ ሳቀ። ቤቱን ሲያከራይ ግን ሦስት ምስክር አስፈርሞ ነው። አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ ቁም ነገር አመጣ፤ ማህበሩ ተጠሪነቱ ለወረዳው ስለሆነ ከእድር ጋር የሚዋዋልበት ሥልጣን የለውም አለ። ምናልባት ልክ ነው። ውል ማለት ካልተቻለ የመግባቢያ ቃለ ጉባዔ በሉት፤ ወረዳውን ሦስተኛ ፈራሚ አድርጉት። በሥራ ዘመኔ ከዚህ ያነሰ ጉዳይ በአሥራ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሲጻጻፉበት አይቻለሁ።

የምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች የከተማዋ ሌሊት አጽጂ ጅብ እንደነበር ጽፈዋል። ጅብ የሻይ አይጠይቅም፣ ዳገትም አያስቸግረውም። ከቆሻሻው ጋር አህያዋንም ይወስዳል እንጂ። በሰው ከተካነው በኋላ ከሰው ጋር እንደሚደረገው መነጋገር ነበረብን።

ልጅቷን ውል ቢጻፍ ምን እንዲገባበት እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ብር ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «በሩ ቶሎ ይከፈት፣ እጄን የምታጠብበት ውሃ ይኑር፣ ውሻው ይታሰር» አለች። ሦስቱንም ጻፍኩ። እድራችን የሚሰበሰበው ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ነው፣ አጀንዳውንም ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። ከግቢያችን ማን እንደሚፈርም ግን እስካሁን አልተስማማንም። ውሻው የማን እንደሆነም እንዲሁ።