ሽቦው ሳይቃጠል ይናገራል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤታችን መብራት ነው። ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ቤት ከማቃጠሉ በፊት ምልክት ያሳያል። ምልክቱን የሚያውቅ ሰው ቤቱንም ልጆቹንም ያድናል።

ከሀዲያ ምድር በስተ ምዕራብ የግቤ ወንዝ ይወርዳል። ወደ ታች ሲሄድ ኦሞ ይባላል። በዚህ ወንዝና በገባሩ ላይ የኃይል ማመንጫዎች ተሠርተዋል። ግልገል ግቤ 2 በ2002 ዓ.ም.፣ ግቤ 3 ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመርቀዋል። እንግዲህ ውኃው ኃይል ሆኖ በሽቦ ይሄዳል። ቤታችን ሲገባ 220 ቮልት ነው። ይህ ሰው ለመግደል ይበቃል።

ወንዝ በቦዩ ሲሄድ ማሳ ያጠጣል። ቦዩን ጥሶ ሲወጣ ግን ያጠፋል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ቦዩ ሽቦው ነው።

በሆሳዕና ከተማ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ያጫወቱንን እንንገራችሁ። ቤታቸው ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። አንድ ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋግሩ አንድ ነገር ሸተታቸው።

«ላስቲክ የሚያቃጥለው ማነው?» አሉ።

«እማዬ፣ የጎረቤት ጭስ ነው» አላቸው ልጃቸው።

«ኧረ አይደለም! የማገዶ ጭስ ዐይን ያስለቅሳል። ይሄኛው ጉሮሮ ይይዛል» አሉት።

ሊጡ ሳያልቅ ምጣዱን አጠፉ። ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያው ብሬከሩን አውርዶ ሶኬቱን ፈታው። ሽቦው ጠቁሯል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ጭድም መጥቆር ጀምሯል። «ትንሽ ብቆይ ኖሮ ቤቴ አልቆ ነበር» አሉን። እኚህን እናት ያዳናቸው ሽታውን አለመናቃቸው ነው።

እኛስ ምን ምን ምልክት እናስተውል?

1ኛ. ሽታ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከሶኬት፣ ከማብሪያ ማጥፊያ ወይም ከቆጣሪ ሲመጣ አደጋ አለ።

2ኛ. ሙቀት። ምጣድ ቢሞቅ ሥራው ነው። ሶኬቱና ስፒናው ግን እንደ ምጣድ መጋል የለባቸውም። ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ ወይ ሽቦው ላልቷል፣ ወይ ጭነት በዝቶበታል። እስቲ እናስላ። አንድ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል። ለአንድ ትንሽ አምፖል 10 ዋት ይበቃዋል። 3500 ለ10 ሲካፈል 350 ነው። አንድ ምጣድ የ350 አምፖል ኃይል ይስባል ማለት ነው! ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። በክር በሬ አይታሰርም።

3ኛ. መርገብገብ። መብራታችን ብልጭ ድርግም ሲል የጎረቤትን ቤት እንይ። የሰፈሩ ሁሉ ከሆነ ችግሩ ከውጭ መስመር ነው። የእኛ ቤት ብቻ ከሆነ ግን ከእኛው ሽቦ ሊሆን ይችላል።

4ኛ. ድምፅና ብልጭታ። ሶኬት ሲንጣጣ ወይም እሳት ሲተፋ ሽቦው በደንብ አልተያያዘም።

5ኛ. ንዝረት። ምጣዱን፣ እርጥብ ግድግዳን ወይም የልብስ ማስጫ ሽቦን ስንነካ ከነዘረን ነገሩ የከፋ ነው። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ከነካ ክዳኑ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በክረምት፣ ሁሉ ነገር ሲርስ፣ ይህ ይብሳል። «ትንሽ ነው የነዘረኝ» ብለን አንለፈው። ዛሬ አባትን የነዘረ ነገ ልጅን ይገድላል።

6ኛ. የብሬከር መውደቅ። ብሬከር ዘበኛ ነው። ደጋግሞ ከወደቀ «አደጋ አለ» እያለን ነው። አንዳንድ ሰው በፊውዝ ቦታ ወፍራም ሽቦ ያስራል። ይህ ውሻውን አስሮ ለጅብ በር መክፈት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ምልክቱን ስናይ ብሬከሩን እናውርድ። ባለሙያ ሳያየው መልሰን አናብራ። የተላጠ ሽቦ በፌስታል አንጠቅልል። ምጣድ ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ሶኬት ይኑረው። በማከፋፈያ ላይ ምጣድ አንሰካ። ከጎረቤት በቀጭን ሽቦ መብራት አንሳብ። በእርጥብ እጅ ስፒና አንንቀል። ችግሩ የውጭው መስመር ወይም ቆጣሪው ከሆነ ራሳችን አንነካካው። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውለን እንንገር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቶሎ ድረስ ማለታቸው ነው፤ ምክሩ እውነት ነው። ነገር ግን በሀዲያም በከምባታም እንሰቱ ከጓሮ ነው። እሳት ሲነሳ እጃችን ወደ እርጥብ ቅጠልና ወደ ውኃ ይሮጣል። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ይህን ካደረግን ኤሌክትሪኩ በውኃው ተሻግሮ እኛኑ ይይዘናል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ። ትንሽ እሳት ከሆነ ደረቅ አፈር እናልብሰው። ካየለ ግን ዕቃ አናውጣ፤ ሰው እናውጣ።

ኤሌክትሪክ የያዘውንም ሰው በእጃችን አንሳበው። ብሬከሩን እናውርድ። ካልቻልን ደረቅ ነገር ላይ ቆመን በደረቅ እንጨት ከሽቦው እናላቅቀው። ከዚያም በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት እናንብብለት። ዛሬ ማታም ሶኬቶቻችንን ዞር ዞር ብለን እንያቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እናትየው የማገዶ ጭስንና የላስቲክ ሽታን እንዴት ለዩ?
2. በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ የማንደፋው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ ምጣዱ የሚሰካው የት ነው? ሶኬቱ ይሞቃል?