አሮጌ ሲባል ለማን ነው አሮጌ?

የስፖርት መኪና አለን። መሳቅ ትችላላችሁ፤ ግን አስጨርሱን።

መኪናችን ቮልስ ናት። የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋ የፖርሽ ስፖርት መኪና፣ 356 የምትባለው፣ ስትሠራ ብዙ ዕቃዋ የተወሰደው ከቮልስ ነበር። ሞተራቸው ከኋላ ነው፤ ሁለቱም የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። እንግዲህ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር የቆመችው ክሬም ቮልሳችን የስፖርት መኪና አክስት ናት ብንል ማንም ውሸታም አይለንም። ዝምድናዋን ያልተቀበሉት ኢንሹራንሶች ብቻ ናቸው።

«ቮልሳችን» ያልነው ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚላት እንጂ ባለቤቷ የአንዳችን አባት ናቸው። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። በስማቸው ያለው ንብረት ሊብሬው የተላጠ ይህችው መኪና ብቻ ናት። ሰፈራችን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የድሮው ቤት ሄደ፣ ዛፉ ሄደ፣ ጎረቤት ተበተነ፤ ቮልሷ ግን ከጋሼ ጋር ኮንዶሚኒየም ገባች። እማማን ባልቻ ሆስፒታል የምታመላልሰው እሷ ናት። የሠርግ ቀን ሙሽራ ይዛ፣ የለቅሶ ቀን የዕድር ድስት ጭና የምትሄደውም እሷ ናት።

ጉዳዩ ወዲህ ነው

ባለፈው ዓመት ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ፣ ባቡሩ ከራስ በላይ በሚያልፍበት ቦታ፣ አንድ ሚኒባስ ከኋላ ገጫት። ሌላ መኪና ከኋላ ሲገጭ የሚጎዳው የዕቃ መጫኛው ነው፤ ቮልስ ከኋላ ስትገጭ የሚጎዳው ሞተሯ ነው። ትራፊክ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ። ጥፋተኛው ሚኒባሱ ሆነ። ሚኒባሱ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነበረው። ሁላችንም «እፎይ» አልን።

እፎይታችን የቆየው ገማቹ እስኪመጣ ነው። ወጣት ነው፣ ጨዋም ነው። መኪናዋን ዞራት፣ ሊብሬውን አየ፣ የተሠራችበትን ዓመት ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልጠየቀም። ለጥገና የተጠየቀው ገንዘብ «ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል» ተባለ፤ የመኪናዋ ዋጋ የተባለው ደግሞ በዛሬ ገበያ ደህና ላፕቶፕ የማይገዛ ነበር። ጋሼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ልጄ፣ በዚህ ዋጋ የምትሸጥ ቮልስ ካገኘህ ሁለት ግዛልኝ፤ አንዷን ለአንተ እሰጥሃለሁ» አሉት። ልጁ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ጋሼ አልሳቁም።

«ክሰሱ» ያለንም ነበር። ልደታ ፍርድ ቤት ከደጃችን ነው፤ ታክሲ እንኳ አያስፈልግም። ግን ለአንድ ሞተርና ለሁለት ፓራፋንጎ ጠበቃ ይዞ፣ ቀጠሮ ቆጥሮ፣ መኪናዋን እንደተጨማደደች አቁሞ የሚጠብቅ ጡረተኛ ከየት ይመጣል? ልጆቹ አዋጡ፣ እኛም የአቅማችንን ጣል አደረግን፣ ዕቃው ከሶማሌ ተራ ተለቃቅሞ ቮልሷ ተነሳች።

ያኔ ነው «ለምን ሙሉ ኢንሹራንስ አንገባላትም?» ያልነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በርከት ያሉ ቢሮዎችን ደጅ ጠናን። መልሱ ሦስት ዓይነት ነበር።

አንደኛው ፦ «ከዚህ ዓመት በፊት የተሠራ መኪና አንቀበልም።» አጭር ነው፤ ቢያንስ ጊዜያችሁን አይበላም።

ሁለተኛው ፦ «እንቀበላለን፤ ግን ዓረቦኑ ይጨምራል፣ አዲስ ዕቃ ሲገጠም ደግሞ የእርጅና ተቀናሽ አለ።» ሲተረጎም፣ ብዙ ትከፍላላችሁ፤ በክፉ ቀን ጥቂት ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው ፦ «ዋጋዋን እናንተ ንገሩን፤ በነገራችሁን ላይ እናሰላለን።» ከሁሉም ደስ የሚለው ይህ ነው። ከሁሉም አደገኛውም ይኸው ነው። ለምን እንደሆነ እንመጣበታለን።

ገበያው ሌላ ነገር ነው የሚለው

የመጨረሻዋ ቮልስ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው (የእኛ ሜክሲኮ አደባባይ አይደለም)። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ አበቃች። አገራችን ውስጥ ያሉትም ቢቀንሱ እንጂ አይጨምሩም።

በዚያ ላይ የራሳችን ጉድ አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ብር ወረደ፤ ባለ ጎማ ነገር ሁሉ ወጣ። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል፤ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያረጃል፣ ይወደዳልም። የቮልስ ባለቤት ቀይ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር «አትሸጣትም?» መባል ለምዷል።

እና አንዲት መኪና ሁለት ዕድሜ አላት ማለት ነው። ለደላላው ቅርስ ናት፤ ለገማቹ ቁርጥራጭ ብረት። ለሻጭና ለገዢ የሚሠራ ዋጋ ለካሳ ሲሆን የማይሠራው ለምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እሱ ብቻ ነው።

ሕጉስ?

እኛ የሕግ ሰዎች አይደለንም፤ ግን ማንበብ እንችላለን። የንግድ ሕጋችን በ2013 ሲታደስ የኢንሹራንሱ ክፍል አልተነካም፤ ዛሬም የሚሠራው የ1952ቱ ነው። አንቀጽ 678 የንብረት ኢንሹራንስ የካሳ ውል እንደሆነ ይናገራል፤ ካሳው አደጋው በደረሰ ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ይላል።

«አደጋው በደረሰ ቀን የነበረው ዋጋ» ነው የሚለው፤ «መኪናው በተሠራበት ዓመት ሲቀነስ የሚገኘው ዋጋ» አይልም። ቮልሷ በዚያ ቀን ልደታ ላይ ገዢ ብትፈልግ ስንት ታወጣ ነበር? ዋጋ ማለት ይህ ነው። አንቀጹ ከእኛ ጋር ነው። ከእኛ ጋር ያልሆነው ማስረጃው ነው፤ የአሮጌ መኪና የገበያ ዋጋ በአፍ እንጂ በወረቀት የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው መልስ እንመለስ። ዓረቦን እንዲቀንስላችሁ ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ ብትናገሩ ምን ይሆናል? ለምሳሌ 400,000 ብር የምታወጣ መኪና በ100,000 ብር አስመዘገባችሁ እንበል። የ80,000 ብር ጉዳት ደረሰ። «ከ100,000 በታች ስለሆነ ሙሉውን አገኛለሁ» ካላችሁ ተሳስታችኋል። የዋጋዋን ሩብ ብቻ ስላስገባችሁ ከጉዳቱም የሚከፈላችሁ ሩቡ፣ 20,000 ብር ነው። ለቀሪው የራሳችሁ ኢንሹራንስ ራሳችሁ ናችሁ። በተቃራኒው ከፍ አድርጋችሁ ብትናገሩ ዓረቦኑን በከፍተኛው ይቀበሏችኋል፤ ካሳው ግን በዕለቱ ዋጋ ተወስኖ ይቀራል። ቀን ሲወጣ ማንም ዋጋ አይጠይቃችሁም፤ ቀን ሲጎድል ሁሉም ገማች ነው።

ኩባንያዎቹ ምን ይላሉ?

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን የእነሱንም ወገን እንስማ። የአሮጌ መኪና ዕቃ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው እንደ ሻጩ ፊት ነው። ብዙው ጥገና በእጅ የሚሠራ፣ በስቱኮ የሚሸፈን ስለሆነ ለመገመት ያስቸግራል። ፍሬኑ የዱሮ ነው። ገዳዳውን ሁሉ በአንድ ግጭት ሊያስጠግን የሚያስብ ባለመኪናም አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን መልሱ በር መዝጋት ነው? መኪና ሁሉ ቦሎ ለማደስ በየዓመቱ ይመረመራል። ዕድሜዋን ሳይሆን ጤናዋን መመርመር ይቻላል ማለት ነው። በየወሩ ዘይቷ የሚቀየር የ50 ዓመት ቮልስ ባለቤቱ ኮፋኖዋን ከፍቶ ከማያውቅ የ10 ዓመት መኪና ትሻላለች፤ ማንኛውንም መካኒክ ጠይቁ።

በሌላው ዓለም ለዚህ መላ ተፈልጎለታል። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላው፣ እንደ ጥንቱ የተጠበቀ መኪና «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ልዩ ታርጋ ያገኛል። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ባለመኪናውና ኢንሹራንሱ ውል ሲፈርሙ በዋጋው ቀድመው ይስማማሉ፤ አደጋ ሲደርስ ክርክር የለም። ዓረቦኑም ብዙ ጊዜ ከተራ መኪና ያነሰ ነው፤ በምትኩ በዓመት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ትነዳለች፣ ሌሊት ጋራዥ ታድራለች፣ ለየዕለቱ ሥራ ሌላ መኪና ይኖራል።

ይህን እንዳለ እንቅዳ አንልም። እዚያ አሮጌ መኪና የእሁድ መኪና ናት፤ እዚህ የሰኞም ናት። ጋሼ «ለየዕለቱ ሌላ መኪና አለዎት?» ቢባሉ መልሳቸው አንበሳ አውቶብስ ነው። መቅዳት ያለብን አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋን ከአደጋ በኋላ ሳይሆን ከአደጋ በፊት መነጋገርን።

የምንለው ይህ ነው

በ1967 ኩባንያዎቹ ከተወረሱ በኋላ የኢንሹራንስ በር አንድ ብቻ ነበር፤ የመንግሥት። ከ1986ቱ አዋጅ ወዲህ በሩ በዝቷል፤ ዛሬ ኩባንያዎቹ ከ15 በላይ ናቸው። ብዙ በር ተከፍቶ በሁሉም ተመሳሳይ መልስ የሚሰማ ከሆነ ውድድሩ የታለ? አንዱ እንኳ «መኪናሽን አምጪ፣ በገለልተኛ ገማች እናስይ፣ ዋጋውን በየዓመቱ እናድስ፣ ኪሎ ሜትርሽ ካነሰ ዓረቦንሽም ይነስ» ቢል በከተማው ያሉ ቮልሶች፣ ፊያቶችና ላዳዎች ደጁ ላይ ይሰለፋሉ። ዘርፉን የሚቆጣጠረው አካልም «አሮጌ» የሚለው ቃል ብቻውን ካሳ መቀነሻ እንዳይሆን መመሪያ ቢያወጣ የሚከስር የለም።

እስከዚያው እናንተ ባለ አሮጌ መኪኖች ይህችን ስሙን። መኪናችሁን በየዓመቱ በደህናዋ ቀን ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሷት። የዕቃና የጥገና ደረሰኝ አትጣሉ። ዋጋዋን ከሁለት ጋራዥ በማኅተም አስጽፉ። ውል ስትፈርሙ ስለ እርጅና ተቀናሽና ከራሳችሁ ኪስ ስለሚወጣው መጠን ጠይቁ፤ «አንቀበልም» ከተባላችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን በሉ። ብዙዎቹ አይሰጡም። ደጋግመን ከጠየቅን ግን ጥያቄው መኖሩን ያውቃሉ።

ጋሼ ዛሬም በሦስተኛ ወገን ብቻ ነው የሚነዱት። ስቲከሩ መስታወቷ ላይ አለ። ሌላ ሰው ቢገጩ ለሰውየው ከለላ አለው፤ ለእሷ ምንም የለም። ከግጭቱ ወዲህ የቀኝ መስመር ይዘው ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ሚኒባስ ከኋላቸው በጠጋ ቁጥር በመስታወት ያዩታል። ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋባቸው «እለፍ ልጄ፣ እለፍ» ይላሉ፤ «የኔዋ ዋጋ የላትም ተብሏል።»