ዓባይ ከጣና ሲወጣ ጀልባዋን ማን ይነዳታል?

መስከረም ጠብቶ፣ መንገዱ ዳር አደይ ፈንድቶ፣ ቤተሰብዎን ይዘው ባሕር ዳር ከገቡ ልጆቹ ሁለት ነገር መጠየቃቸው አይቀርም፤ የጣና ዓሣና ጉማሬ። ዓሣው ቀላል ነው፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ማዘዝ ነው። ጉማሬው ግን ጀልባ ይፈልጋል። ጀልባዋም ልጆችዎን ጭና የምታመራው ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት አፍ ነው። ቦታው ከመሳፈሪያው ብዙም አይርቅም። ዘጌ ደርሶ ከመመለስ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ ብዙ ሰው እንደ እግር ማፍታቻ ያያታል። እኔ ግን ከባሕር ዳር ከሚነሱት አጫጭር ጉዞዎች ሁሉ የነጂውን ችሎታ የምትፈትነው ይህችው ናት ባይ ነኝ።

ምክንያቱን ለመረዳት ሐይቁን እንደ ትልቅ ሳፋ ያስቡት። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎችም ወንዞች ከየአቅጣጫው ይገቡበታል። ተፈጥሮ የሰጠችው መውጫ ግን አንድ ብቻ ነው። ሐይቁ መሐል ሆነው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አያስተውሉም፤ ሞተር ቢጠፋ ጀልባዋን የሚወስዳት ነፋስ ነው። ወደ መውጫው ሲቃረቡ ግን ያ ሁሉ ውሃ በጠባብ በር ለማለፍ ይሰበሰባል። ሰፊ ቦታ ላይ ተኝቶ የነበረ ውሃ በጠባብ ቦታ ለማለፍ የግድ መፍጠን አለበት። ገጹ አሁንም ሐይቅ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ወንዝ ሆኗል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ዓይን ላይ ቶሎ አይወድቅም።

በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ጠባብ ቦታ በሰዓት ነው የሚያልፉት። ሲያትል ዘመድ ካለዎት (የሌለው ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ይሆን?) ይጠይቁት፤ ከከተማዋ በስተሰሜን ዲሴፕሽን ፓስ የሚባል የባሕር መተላለፊያ አለ። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው በሁለት ገደሎች መካከል በሰዓት እስከ 15 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይነጉዳል። ትንሽ የሞተር ጀልባ ያለው ሰው ታዲያ የሙላቱንና የጉድለቱን የሰዓት ሠንጠረዥ ገልጦ፣ ውሃው አቅጣጫውን ሊቀይር ቆም የሚልባትን አጭር ጊዜ ጠብቆ ያልፋል። ሠንጠረዡ አስቀድሞ ተሰልቶ ይታተማል፤ ጨረቃ ቀጠሮ አትሰርዝምና።

ጣና እንዲህ ያለ የዕለት ሙላት የለውም። የዓመት ሙላት ግን አለው። ሰኔ አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ክረምቱ ያዘነበውን ተቀብሎ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ለሐይቁ ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለመውጫው ግን ብዙ ነው። እንግዲህ የበዓላቱን ቀን መቁጠሪያ ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ዝናቡ አባርቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር የሚወጣበት የእንቁጣጣሽና የመስቀል ሰሞን ሐይቁ ወደ ሙላቱ ጫፍ የሚቃረብበት ጊዜ ነው። በግንቦት የሄደ ወዳጅዎ «ውሃው ዝም ያለ ነው» ቢልዎት አልዋሸም፤ የነገረዎት ግን ስለ ሌላ ወንዝ ነው።

የሰው እጅም አለበት። ከሐይቁ አፍ ብዙም ሳይርቅ የጨረጨራ ግድብ ይገኛል። ግድቡ ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች የሚሄደውን ውሃ ለመመጠን በ1988 ዓ.ም. በሁለት በሮች ሥራ ጀመረ፤ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ሌሎች አምስት በሮች ተጨመሩለት። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ሥራ ሲጀምር ሐይቁ በምዕራብ በኩል ሁለተኛ፣ ሰው ሠራሽ መውጫ አገኘ። ስለዚህ በዓባይ አፍ ላይ የሚያገኙት ፍሰት የዝናቡ ብቻ ሳይሆን የበሮቹም ሥራ ነው። ትናንት ለስላሳ የነበረው ውሃ በሮቹ ሲከፈቱ ዛሬ ሊበረታ ይችላል። የሲያትሉን ዓይነት ሠንጠረዥ መሳፈሪያው ላይ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። ቢለጠፍ ከ«እንኳን ደህና መጡ» ሰሌዳ የበለጠ ይጠቅም ነበር።

አሁን ወደ ጉማሬዎቹ እንሂድ። ካፒቴኑ (ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ነጂ ሁሉ ካፒቴን ነው) ሞተሩን ቀስ ያደርጋል። ልጆቹ «የት አለ? የት አለ?» ይላሉ። ድምፅ እንዳያስበረግጋቸው፣ ፎቶውም እንዲያምር ሞተሩ ይጠፋል። ሁሉም ሰው በአንድ ወገን ተደርድሮ ስልኩን ያወጣል። የዚህን ጊዜ ጀልባዋን የሚነዳት ማን ነው? ወንዙ ነው። የሚሄድ ውሃ ላይ ሞተሯ የጠፋ ጀልባ ቆማ አትጠብቅም፤ ውሃው በሚሄድበት ፍጥነት ትሄዳለች። ከውሃው ጋር አብረው ስለሚሄዱም መንቀሳቀስዎ አይታወቅዎትም። ለማወቅ ዳር ላይ ያለ አንድ ዛፍ ይምረጡና ከኋላው ካለው ሌላ ዛፍ ጋር ያስተያዩት፤ ሁለቱ ዛፎች ከተላለፉ ጀልባዋ እየሄደች ነው። ልጆችዎን ያስተምሯቸው፤ ከጉማሬው ባልተናነሰ ይወዱታል።

ጥሩ ካፒቴን እዚህ ቦታ ምን ያደርጋል? ጉማሬዎቹን በትንሹ አልፎ ይዞርና የጀልባዋን ፊት ወደ ሐይቁ፣ ማለትም ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ያደርጋል። ሞተሩን አያጠፋም፤ ዝቅ አድርጎ ፍሰቱን ብቻ እንዲመክት ይተወዋል። በዚህ ጊዜ ጀልባዋ ከዳሩ አንጻር ቆማለች፣ መሪዋም ይታዘዛል፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ነዳጅ መጨመር ብቻ በቂ ነው፣ መውጫውም ከፊት ለፊት ነው። ጠቅላላ ጥበቡ ይኸው ነው፤ ደብረ ማርያም ደሴት ላይ ሲያወርድዎትም ሆነ ዓሣ አጥማጅ ጋ ሲጠጋ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ መቅረብ አለበት። ከፍሰቱ ጋር እየወረደ የሚጠጋ ጀልባ ማቆሚያ የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ እንደ ማለት ነው።

መዞሪያውም ቦታ አለው። የሚዞረው ውሃው ገና ሰፊ ሳለ ነው። ጀልባ ስትዞር ለጥቂት ሰከንድ ጎኗን ለፍሰቱ ትሰጣለች፤ በዚያች ቅጽበት ከበታቿ ዐለት ወይም የወደቀ ግንድ ካለ ውሃው ከዚያ ጋር ሊያጣብቃትና ሊገለብጣት ይችላል። ወደ ግድቡ መጠጋት ደግሞ ፈጽሞ አያስፈልግም። ከሐይቁ በኩል ሆነው ግድብ ሲያዩ አያስፈራም፤ ውሃው ላይ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። የሚያስፈራው ነገር ያለው ከመስመሩ ወዲያ ነው።

ወንዙን ማቋረጥም ስሌት አለው። ጀልባዎ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል፤ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት 200 ሜትር ይሁን። ለመሻገር አንድ ደቂቃ ይበቃል። ውሃው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ ከ65 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወስድዎታል። ስለዚህ የሚያውቅ ነጂ ሊደርስበት ካሰበው ቦታ ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል። ጀልባዋ እንደ ሸርጣን በጎን የምትሄድ ሲመስልዎት አይደንግጡ፤ ልክ ነው።

ውሃው ራሱም ይነበባል። ሐይቁ እዚህ ተገድቦ የቀረው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ዐለት ነው፤ መውጫውም ዐለታማ ነው። ውሃው ሲጎድል ድንጋዮቹ ከገጹ ሥር ይቀርባሉ። ወደ ታች እየወረዱ ከፊትዎ ያለውን ሽብሽብ ይመልከቱ። እግሮቹን ወደ እርስዎ ከፍቶ ጫፉን ወዲያ ያደረገ፣ «ለ» ፊደልን የሚመስል ከሆነ ውሃው በሁለት ድንጋዮች መካከል ያልፋል፤ መንገዱ እሱ ነው። ጫፉ ወደ እርስዎ ሆኖ ወደ ፊት ከተከፈተ፣ «ሀ»ን ከመሰለ፣ ጫፉ ላይ የተደበቀ ድንጋይ አለ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ይህን ይይዘዋል።

ነፋሱን እዚህ ላይ ልጨምር፤ ጣና ላይ ያለ ነፋስ ወሬ አይሞላም። ጠዋት ሐይቁ ብዙውን ጊዜ መስተዋት ነው። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቅ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማዋ ይነሳል። ሐይቁ ረጅም ስለሆነ ከሰሜን የመጣ ነፋስ ሞገዱን እየገፋ የሚያሳድግበት ሰፊ ሜዳ አለው፤ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነም ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ወደ ዓባይ አፍ የሚወርድ ጀልባ ታዲያ ነፋሱም ፍሰቱም ከኋላ ያግዙታል። ጉዞው ይጥማል፤ ውሃው የተረጋጋ ይመስላል። ሲመለሱ ሁለቱም ፊት ለፊት ናቸው። ሲሄዱ ያልታወቀዎትን ዋጋ ሲመለሱ በነዳጅና በእርጥብ ልብስ ይከፍሉታል። ነዳጅ በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው መለካት ያለበት ለዚህ ነው።

በመንገድዎ የደንገል ታንኳ ማየትዎ አይቀርም። ታንኳ ቀዛፊ ሞተር ስለሌለው ከውሃው ጋር መከራከር አይችልም፤ ወደ ላይ ሲመለስ ፍሰቱ የሚደክምበትን ዳር ዳሩን ይዞ ነው። የሞተር ጀልባም ጉልበቷ ካነሰ ይህንኑ ብታደርግ ይበጃታል፤ ችግሩ ዳሩ የጉማሬው ቤት መሆኑ ነው። ደንገሉ ውስጥ ያለ ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ውሃ ነው፤ በመካከል የቆመን ነገር ዞሮ አያልፍም። ስለዚህ ከደንገሉ ራቅ፣ ከመሐሉ ፍሰት ደግሞ ወጣ ያለች መስመር መፈለግ ያስፈልጋል። ይህችን መስመር መጽሐፍ አያስተምርም፤ በየቀኑ የሚመላለሰው ወጣት ካፒቴን ግን ያውቃታል። ለዚህም ነው በእኔ ግምት ከጀልባው አዲስነት የነጂው ዕድሜ በውሃው ላይ የሚበልጠው። ታንኳዎቹ አጠገብ ሲደርሱ ፍጥነት ካልቀነሰ ግን ልምድ አለው ብዬ አልቆጥርለትም፤ የጀልባ ሞገድ ዝቅ ብላ የምትሄደውን ታንኳ በውሃ ይሞላታል።

ሞተርም ይጠፋል። ፕሮፔለሩ ላይ የዓሣ መረብ፣ የደንገል ቁራጭ ወይም እንቦጭ ሲጠመጠም ጊዜ አይሰጥም። ሰፊው ሐይቅ ላይ ከሆነ ሞተሩን አንስቶ ማጽዳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ግን እነዚያ አምስት ደቂቃዎች የሉም። የመጀመሪያው ሥራ መልህቅ መጣል ነው፤ እሱም ከፊት በኩል። ከኋላ የተጣለ መልህቅ የጀልባዋን ዝቅተኛና ከባድ ወገን ለፍሰቱ ስለሚሰጥ ውሃ ሊያስገባባት ይችላል። መልህቅ ከሌለ መቅዘፊያ፣ መቅዘፊያም ከሌለ ጸሎት ነው።

ስለ ላይፍ ጃኬት ብዙ አልልም፤ የሚባለውን ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ፦ የአዋቂ ጃኬት የለበሰ የአራት ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ በሥሩ ሊሾልክ ይችላል። ካለበሱት በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጃኬቱ ጆሮው ድረስ ከወጣ ልኩ አይደለም። በልጁ ልክ የተሠራ፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን ይጠይቁ፤ ልኩ ካልተገኘ ልጁን አያሳፍሩት። እንደ ትራስ የሚቀመጡበት ጃኬት ደግሞ ትራስ ነው።

በማለዳ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢነሱ ነፋሱ ሳይነሳ ተመልሰው ቡናዎን ይጠጣሉ። መሳፈሪያው ላይ በዋጋ መከራከርዎ አይቀርም፤ ይከራከሩ፣ ደንቡ ነው። ከተስማሙ በኋላ ግን ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት «ካፒቴን፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ውሃው እንዴት ነው? መልህቅና መቅዘፊያህንስ እስቲ አሳየኝ» ይበሉት። ስለ ውሃው ነግሮዎት፣ ሁለቱንም ከመቀመጫው ሥር ካወጣልዎ ይሳፈሩ። «ለዚች ለቅርቧ ምን ያደርጋል?» ካለዎት ቀጣዩ ጀልባ ከጎኑ ታስሯል።