ከፊንስበሪ ፓርክ እስከ ፓሪስ፦ ቲኬቱ የማይቆጥረው ሰዓት

ለንደንና ፓሪስ በቀጥታ መስመር ሲለኩ የሚራራቁት 344 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ርቀት አውሮፕላን በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ፣ ፈጣኑ ባቡር ደግሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ያቋርጡታል። በሰሜን ለንደን፣ በፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ፓሪስ ላለ ዘመዱ ለቅሶ ለመድረስ ሲጣደፍ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስተያይቶ አውሮፕላኑን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ጥፋቱ የመለኪያው እንጂ የእርሱ አይደለምና።

በቲኬት ላይ የሚሰፍረው የበረራ ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 344 ኪሎ ሜትሩን በ25 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰው ነበር። ቀሪው ጊዜ የሚያልቀው በማኮብኮቢያ ላይ በመጓዝ፣ ከፍታ በመያዝና ለማረፍ ዝቅ በማለት ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው ሰዓት ግን የመንገደኛው ዕዳ ነው። ከፊንስበሪ ፓርክ እስከ ሂትሮው አየር ማረፊያ በፒካዲሊ መስመር ከ1 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለፍተሻ 2 ሰዓት ቀድሞ መገኘት የተለመደ ነው። ፓሪስ ሲደረስም የፓስፖርት ሰልፍና ከሻርል ደ ጎል ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው ባቡር ይጠብቃሉ። ሁሉም ሲደመር 6 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

በአንጻሩ የባቡሩ መነሻ ሴንት ፓንክራስ ከፊንስበሪ ፓርክ በቪክቶሪያ መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ነው። የፈረንሳይ የድንበር ፖሊሶች ፓስፖርት የሚመለከቱት እዚያው ለንደን ውስጥ ስለሆነ፣ መንገደኛው ፓሪስ መሀል ጋር ዱ ኖር ሲወርድ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ቢገኝ እንኳ ጉዞው በ4 ሰዓት ገደማ ይጠናቀቃል።

ምክንያቱን ለመረዳት የአዲስ አበባን በረራ ማሰብ ይበቃል። አዲስ አበባ ከለንደን 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከፓሪስ 17 እጥፍ መሆኑ ነው። በረራው ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ማለትም የፓሪሱን ስድስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የፍተሻው፣ የመነሣቱና የማረፉ ጊዜ ርቀት ቢጨምርም ብዙ አይለወጥም። ረጅም ጉዞ ይህን ቋሚ ጊዜ ያቃልለዋል፤ አጭር ጉዞ ግን በእርሱ ይዋጣል። ነዳጅም እንዲሁ ነው፤ መነሣትና ከፍታ መያዝ ብዙ ስለሚፈጅ አጭር በረራ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ጭስ የበዛ ነው። ፈረንሳይ በ2023 ከሁለት ሰዓት ተኩል ያነሰ የባቡር አማራጭ ያላቸውን ጥቂት የአገር ውስጥ በረራዎች በሕግ የከለከለችውም ለዚሁ ነው።

እርግጥ የባቡሩ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወደዳል፤ ለሂትሮው ቅርብ ለሚኖርም ስሌቱ ይለወጣል። ቢሆንም ገንዘብ ለመቆጠብ በሰዓት መክፈል የሚቻለው የሰዓቱ ትክክለኛ ዋጋ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ቲኬት ሻጮች ከበረራው ጊዜ ጎን ከከተማ እስከ ከተማ ያለውን ጠቅላላ ጊዜ ሊያሳዩ ይገባል። እስከዚያው ድረስ መንገደኛው ራሱ ከደጁ ጀምሮ ይቁጠር። ሐዘንተኛው የሚጠብቀው የዘመዱን መድረስ እንጂ የአውሮፕላኑን ማረፍ አይደለም።